በግ ሸጠን ስክሪን ገዛን

ነገሩ የጀመረው በጆሮ ማዳመጫ ነው። ማን ኪቦርዱ ላይ ትቶት ላፕቶፑን እንደከደነው እስከ ዛሬ አልተጣራም። ሁለታችንም አንዳችን ሌላችንን እንጠረጥራለን፣ እማዬ ደግሞ ሁለታችንንም። ብቻ በመጋቢት 2012 መጨረሻ አንድ ማለዳ፣ መሐል ሜዳ ላይ፣ ብርዱ ጣት በሚያደነዝዝበት ሰዓት ከፈትነው… ስክሪኑ መሃል ላይ ቀለም የተደፋበት የሚመስል ጥቁር ነገር፣ ከሱ ደግሞ ሽቅብና ቁልቁል የሚሮጡ ባለ ቀለም መስመሮች። «ቀስተ ደመና ወጣ» አለ ከሁለታችን ቀልደኛው። ማንም አልሳቀም።

ጊዜውን ታስታውሱታላችሁ። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን ተነገረ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ሸኙ። እኛም ሻንጣችንን አንጠልጥለን ወደ እናታችን ቤት፣ ወደ መንዝ ወጣን። ወንድማማቾች ነን፤ ላፕቶፓችን ግን አንድ ነው። አንዳችን ተመራቂ፣ አንዳችን ሥራ ፈላጊ (ይቺ «ሥራ ፈላጊ» የምትባለዋ ያለ ፈተና የምትሰጥ ማዕረግ ናት)። የተመራቂው አማካሪ «ምዕራፍ አራትን በኢሜይል ላክልኝ፣ ከፋሲካ ማግሥት አየዋለሁ» ብሎት ነበር።

ምዕራፍ አራት ደግሞ ዝም ብሎ ምዕራፍ አልነበረም። ጥናቱ ስለ ጓሳ ነው። ከመሐል ሜዳ ወደ ግሼ ስትሄዱ የምታገኙት፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ያ የሣር ምድር። ገበሬው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቀሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ለዓመታት ይዘጋል፣ ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል፣ የአስቦና የጌራ ዘር ነኝ የሚል ሁሉ ለጣሪያውም ለገመዱም ያጭዳል። በ1967 የመሬት አዋጅ ቀሮ ፈረሰ። ያንን ሥርዓት በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች ጥቂት ናቸው። ሁለታችን ተያይዘን ክረምቱን ሙሉ እየዞርን ያሉንን ጽፈናል፣ እና የጻፍነው ሁሉ ያለው እዚያ ቀስተ ደመና የወጣበት ሳጥን ውስጥ ነበር።

መጀመሪያ «ኮምፒውተሩ ሞተ ወይስ ስክሪኑ ብቻ?» የሚለውን ማወቅ ያስፈልጋል። የእኛ ቤት ቴሌቪዥን ሆደ ትልቁ ዓይነት ስለሆነ ለዚህ አይረዳም። ኳስ የሚያሳዩት ጋሼ ግን ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን አላቸው። የአውሮፓ ኳስ በኮሮና ቆሟል፣ ቤታቸውም ተዘግቷል፤ በጓሮ አስገቡንና ከዲኮደሩ ላይ ገመዱን ነቅለው ሰጡን። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና «ፒ»ን አንድ ላይ ተጫንን። ማንቸስተርና አርሴናል በሚሮጡበት ቴሌቪዥን ላይ «ምዕራፍ አራት፦ የመረጃ ትንተና» ወጣ! ጋሼም አዩትና «ይሄ ደግሞ ማን ከማን ነው?» አሉን።

ፋይሉን ወዲያው በፍላሽ ገለበጥን። ነፍስ መለስ አለልን፤ ግን ግማሽ ነፍስ ናት። የሰው ቴሌቪዥን ተሸክሞ አይኬድም፣ ሰውም ተሰብስቦ እንዳይታይ ታዟል፣ የጽሕፈት ሥራ ቤቶቹ ዝግ ናቸው። ያልተጻፈው 20 ገጽ በስልክ አይጻፍም (ሞክረነዋል፣ ሁለት አንቀጽ ላይ ዓይናችን ፈሰሰ)።

አዲስ አበባ ላለው ለአጎታችን ልጅ ደወልን። «15.6 ኢንች ስክሪን ፈልግልን» አልነው። ሄዶ ከሱቅ ደወለ። ባለ ሱቁ ሳቀበት መሰለን። «ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር ስንት ነው? ባለ 30 ፒን ነው ባለ 40? መያዣ ጆሮው ከጎን ነው ከላይና ከታች?» አለን። ከዚያ ቀን በፊት ስክሪን ጀርባና ጆሮ እንዳለው አናውቅም ነበር። ለካ ሁለት ላፕቶፖች ስፋታቸው አንድ ሆኖ ስክሪናቸው ጨርሶ ላይገጥም ይችላል። ቆየት ያሉት በአብዛኛው ባለ 40 ናቸው፣ በኋላ የመጡት ባለ 30። ስለዚህ ከመግዛት በፊት መፍታት ግድ ሆነ።

ለመፍቻ የሞባይል ጠጋኙን ለመንነው። በጣት የሚዞር ቀጭን መፍቻ አዋሰን፤ «ብሎኑን በየተራው ወረቀት ላይ ደርድሩ፣ የረዘመውን ካጠረው አትቀላቅሉ» የሚል ምክርም ጨመረልን። የስክሪኑን ዙሪያ የሚይዘውን የፕላስቲክ ፍሬም ለማስለቀቅ ቀጭን ግን ጠንካራ ነገር ያስፈልጋል። በቤቱ ውስጥ የተገኘው የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ ነው። ካምፓስ ከተዘጋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አገኘ! በጠርዙ እያስገባን ስንገፋ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ለቀቀ። እያንዳንዷ «ጠቅ» የተሰበረ ነገር ትመስል ነበር።

አንድ ነገር እዚህ ላይ እንናገር። ዩቲዩብ ላይ የሚያስተምረው ሰውዬ የሚሠራው ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስለ ባና አያውቅም። መንዝ የበግና የሱፍ አገር ነው፣ መሐል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። ማታ መብራት ጠፍቶ ባናውን ስትገፉት ጥቃቅን ብልጭታ ታያላችሁ። ያቺ ብልጭታ ለሰው መዝናኛ ናት፣ ለኮምፒውተር ሞት። ስለዚህ ባናውን አንስተን የእማዬን ጋቢ አነጠፍን፤ ጋቢ ጥጥ ነው። ሹራባችንን አውልቀን፣ እየተንቀጠቀጥን፣ በየደቂቃው የመስኮቱን ብረት እየነካን ሠራን። ጎረቤት ገብታ ብታየን ጸበል ትወስደን ነበር።

ባትሪውን አውጥተን፣ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጭነን የቀረውን ኤሌክትሪክ አራገፍን። ስክሪኑን የያዙትን አራት ብሎኖች ፈትተን በፊቱ ኪቦርዱ ላይ አስተኛነው። ጀርባው ላይ መሃሉ 156 የሆነ ረጅም ስም አለ (15.6 ኢንች ማለት ነው)። ገመዱ ባለ 30። ፎቶ አንስተን በቴሌግራም ላክን።

«ያገለገለ አለ፣ 3,200 ብር» የሚል መልስ መጣ።

ከእኛ ኪስ 400 ብር ተገኘ። እማዬ ሂሳቡን ሰምታ ዝም አለች። ለፋሲካ ከጥር ጀምሮ ስታደልበው የቆየችው ዳለቻ በግ ነበራት። ማታ እራት ላይ «በጉን ለነጋዴው እሰጠዋለሁ» አለች። እኛ «አይሆንም» አልን። እንዴት አድርገን እንዳልን ግን እኛው እናውቀዋለን፦ እሺ እንድትለን ፈልገን አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚከነክነን የጆሮ ማዳመጫው አይደለም፣ ያቺ «አይሆንም» ናት።

የሕዝብ ማመላለሻ ቆሟል፣ ጭነት ግን ይሄዳል። ዳለቻው ከሌሎች በጎች ጋር አይሱዙ ላይ ተጭኖ በጣርማ በር በኩል፣ በደብረ ብርሃን አድርጎ አዲስ አበባ ወረደ። ያው አይሱዙ ስክሪኑን ይዞ ተመለሰ፣ በካርቶንና በአሮጌ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ ነው ያመጣው። «እንደ እንቁላል ያዝኩት» አለን።

ቀኑ ጸሎተ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 8 ነበር። ጉልባኑን በልተን ገባንበት። ገመዱን ሰካን፣ ስክሪኑን አቆምን፣ አራቱን ብሎን አሰርን፣ ፍሬሙን ጠቅ ጠቅ አድርገን ዙሪያውን ዘጋን። ባትሪ አስገብተን አበራን።

ጨለማ።

ማራገቢያው ይዞራል፣ መብራቷ ትበራለች፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ። የእጅ ባትሪ አስጠግተን አየን። ጥላ ቢታይ የጀርባው ብርሃን ብቻ ነው የጠፋው ማለት ነው፤ ጥላም የለ። እማዬ በር ላይ ቆማ ነበር። ምንም አላለችም። ወደ ማድ ቤት ተመለሰች፣ ቀጥሎ የሰማነው የድስት ክዳን ድምፅ ነው።

ሌሊቱን ጥፋቱ የት እንደሆነ ስንፈልግ አደርን፤ አንዱ «ስክሪኑ በመንገድ ተሰብሯል» ይላል፣ ሌላው «አንተ ነህ ያቃጠልከው»። ሲነጋ እንደገና ልንፈታ መፍቻውን ስናነሳ እማዬ ደረሰች። «በስቅለት? ጌታ በተቸነከረበት ቀን ብሎን ልትነቅሉ?» ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በየቤታቸው እንዲጸልዩ ያሳሰበችበት ዓመት ነው። መፍቻውን አስቀምጠን አብረናት ሰገድን። ወገባችን እስኪቆረጥ ሰገድን፤ እውነቱን ለመናገር ከስግደቱ ውስጥ ጥቂቱ ለስክሪኑ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከፈትነው። በችኮላ ሳይሆን በቀስታ። ችግሩ ያለው ገመዱ ጫፍ ላይ ነበር። ሶኬቱ ከላይ ወደ ታች የሚጫኑት አይደለም፣ በስክሪኑ ጀርባ ላይ ተኝቶ እየተንሸራተተ ነው የሚገባው። እኛ አንድ ጎኑን አስገብተን ሌላውን በአየር ላይ ትተን ፕላስተር ለጥፈንበታል። አውጥተን በሁለት አውራ ጣት እኩል ገፋነው። አሁን ፍሬሙን ሳንዘጋ (ሐሙስም እንዲህ ማድረግ ነበረብን፣ ዩቲዩብ ላይ ያለው ሰውዬም ሦስት ጊዜ ተናግሯል) አበራን።

በራ። ጠራ ያለ፣ አንድ መስመር የሌለው።

ስንጮህ እማዬ ሊጥ በእጇ እንደያዘች ሮጠች። አጎንብሳ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «እና በጌ ይሄ ነው?» አለች።

በሁለተኛው ፍቺ የፍሬሙ አንድ ማዕዘን ተሰብሯል፤ የቁስል ፕላስተር አድርገንበት እስከ ዛሬ አለ። ፋሲካን በዶሮ ዋልን። ሰው በመጣ ቁጥር እማዬ ላፕቶፑን እያሳየች «በጋችን እዚያ ውስጥ ነው» ትል ነበር።

ሃያውን ገጽ በአምስት ቀን ጻፍን፣ አንዱ እያነበበ ሌላው እየተየበ። ኔትወርኩ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቀለል ስለሚል ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላክነው። አማካሪው በማግሥቱ መለሰ፦ «ደርሶኛል። የገጽ ቁጥር የለውም።»