ኮረኮንች

እማዬ ሳይክል አልከለከለችኝም። የከለከለችኝ አስፋልት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2009 ዓ.ም. ከሞጆ ወደ ቆቃ ስመለስ ከኋላዬ የመጣ የጭነት መኪና በስፔኪዮው ትከሻዬን መትቶኝ ሄደ። "ሄደ" ስል የምሬን ነው፤ አልቆመም። ራሴን ያገኘሁት ቦይ ውስጥ ነው። የፊት ጎማዬ ተጣሟል፣ ግራ እጄን ማንሳት አልቻልኩም። እማዬ ስትመጣ አላለቀሰችም። ሳይክሉን በጋሪ አስጭና ወስዳ ከዶሮው ቤት ጀርባ ከተተችው። ከወራት በኋላ ትከሻዬ ሲሻለኝ ራሷ አውጥታ ሰጠችኝ። "ንዳ። አስፋልቱ ላይ ካየሁህ ግን እናት የለህም" አለችኝ።

ቆቃን የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከተማችን ማለት መንገዱ ነው። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚወርደው አስፋልት መሀሏን ይሰነጥቃታል፤ ግራና ቀኙ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ዓሣ ነው። እማዬም እዚያው ዳር ላይ ሽንኩርት በመሸጥ ነው ያሳደገችን። ከአስፋልቱ ውጪ የት እንደሚነዳ አላውቅም ነበር። ቀረኝ የምለው ኮረኮንቹ ብቻ ነው።

*

መጀመሪያ ላይ ቅጣት መስሎኝ ነበር። ከቤታችን ጀርባ ተነስቶ በማሳዎቹ መሀል ወደ ሐይቁ የሚወርደው የጋሪ መንገድ በበጋ ዱቄት ነው፤ በክረምት ደግሞ ጭቃው ፍሬኑ ውስጥ ገብቶ ጎማውን ይይዘዋል። የግራር እሾህ ደግሞ ለሳይክል የተፈጠረ ነው የሚመስለው። በመጀመሪያው ወር ካላማዳሪዬ ሰባት ጊዜ ተለጥፏል። ጎሚስታው "አንተ ልጅ፣ እሾህ ነው እንዴ የምታመርተው?" ይለኝ ነበር።

ቀስ እያልኩ ተማርኩ። ጎማውን ድንጋይ እስኪሆን መንፋት ለአስፋልት ነው፤ ኮረኮንች ላይ ትንሽ ለስለስ ሲል ጠጠሩን ይይዘዋል፣ ወገብም አያማም። አሸዋ ላይ ፍሬን መያዝ አይገባም፤ ማኑብሪዮውን ለቀቅ አድርጎ ፔዳል መምታት ነው። ከሁሉም በላይ ግን ከመምታቴ በፊት ወደ ኋላ መዞሬን መተው ተማርኩ። ከአደጋው በኋላ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አንገቴ ይደርቅ ነበር። እዚህ ከኋላዬ የሚመጣው አህያ ነው። ቢበዛ ጋሪ። ባለጋሪው ቀድሞኝ ሲያልፍ "አካም ቡልቴ?" ይለኛል። የትኛው የጭነት መኪና ነው እንዴት አደርክ ብሎ የሚያልፍ?

ሐይቁ ዳር ስደርስ አቆማለሁ። ሐይቅ እንበለው እንጂ ሰው ሠራሽ ነው፤ የአዋሽ ወንዝ በ1952 ዓ.ም. በተመረቀው የቆቃ ግድብ ተገድቦ የተኛበት ውሃ ነው። ግድቡ የተሠራው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። ከውሃው በታች የሰው እርሻ፣ የሰው ደጅ ነበር። ይሄን ሳስብ የእኔ የጋሪ መንገድም ጫፉ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስለኛል፤ ድሮ ይቀጥል ነበር እላለሁ።

*

አንድ ቀን ስልኬ ላይ ስለ ፈረንሳይ አንድ ቪዲዮ አየሁ። አርዴሽ የሚባል ተራራማ አገር ነው። ዶልቼ ቪያ የሚሉት ወደ 90 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የሳይክል መንገድ አላቸው፤ አብዛኛው ጠጠር፣ መኪና የማይገባበት። ድልድይ፣ ዋሻ፣ ሸለቆ። ሽማግሌ ሴት ሳትቀር ዳገቱን ፈገግ ብላ ትወጣለች። እንዴት? ብዬ ሳጣራ መንገዱ የድሮ ባቡር ሀዲድ ኖሯል። ባቡር ድንገተኛ ዳገት አይወድም፤ መሐንዲሶቹ ተራራውን እየዞሩ ቀስ በቀስ ነው ያስወጡት። በ1968 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ቆመ፣ ሀዲዱ ተነቀለ፣ ቆይቶም ለሳይክልና ለእግረኛ ተሰጠ። በትራፊክ ሕጋቸው "አረንጓዴ መንገድ" የሚባል ዓይነት አላቸው፤ ሞተር አይገባበትም።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። የዚያ ሀዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። የእኛስ? ፈረንሳዮች ከጅቡቲ ጀምረው በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ያደረሱት፣ "ለገሃር" የሚለውን ቃል ያወረሰን የምድር ባቡር አንድ ሜትር ነው። ሞጆ ላይ፣ አዳማ ላይ ያልፋል። አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ እሱ ተረስቷል። እኔ ቦይ ውስጥ በወደቅኩበት ዓመት ማለት ነው። የአንድ ሙያ ሥራ፣ አንድ ዓይነት ስፋት፤ አንዱ ላይ አያቶች በሳይክል ይንሸራሸሩበታል፣ ሌላው ላይ ፍየል ይግጣል። ፍየሉን አልጠላሁትም። ግን ሞጆን ከአዳማ በጠጠር ቢያገናኙት ብዬ አስቤ አላባራሁም።

እስከዚያው ያለውን ፈለግኩ። ሳይክሌን ሚኒባስ ጣራ ላይ ጭኜ አዳማ እወርዳለሁ። አንዱ መንገድ ወደ ወንጂ ነው፤ ከአዋሽ በሚጠጣው የሸንኮራ አገዳ መሀል፣ የቦዩን ዳር ይዞ የሚሄድ አፈር። አገዳ በማይጫንበት ሰዓት ከወፍ በቀር ድምፅ የለም። ሌላው ከአዳማ በላይ ያሉት ኮረብታዎች ናቸው። ከሩቅ የምታዩዋቸው 136 የነፋስ ማማዎች ባዶ ሜዳ ላይ አልበቀሉም፤ ያ ሁሉ ረጅም ክንፍ ኮረብታው ላይ እንዲወጣ ሰፋፊ ጠምዛዛ ያለው የጠጠር መንገድ ተቆርጦለታል። ክንፍ እንደ ባቡር ነው፣ ድንገት መታጠፍ አይችልም። ለእሱ የተሠራው ለእኔ ጉልበት ሆነ። ጥበቃዎች አንዳንዴ ይመልሱኛል፤ ስመለስ ደግሞ ቁልቁለት ነው፣ ምን ላርግ።

*

ከዚያ የፍጥነት መንገዱ መጣ።

ከሞጆ ሐዋሳ 202 ኪሎ ሜትር ይሆናል የተባለው የክፍያ መንገድ ሲጀመር የመጀመሪያው ቁራጭ የእኛው ሰፈር ነው፤ ሞጆ መቂ። በአጥር የታጠረ ነው፤ ሳይክልም፣ ጋሪም፣ እግረኛም አይገባበትም። መኪናው ወደዚያ ዞረ። እኔ በልቤ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። አንድ ጠዋት የድሮውን አስፋልት አየሁትና ጸጥ ብሏል። ፈረንሳይን ያየሁ መሰለኝ። ቤት ገብቼ "እማ፣ መንገዱ ባዶ ሆኗልኮ!" አልኳት።

ሽንኩርት እየለቀመች ነበር፤ የበሰበሰውን ከደህናው። ቀና ብላ አላየችኝም።

"አይቻለሁ" አለች። "ጸጥታ ሽንኩርት አይገዛም።"

አፈርኩ። ለስንት ዓመት የጠላሁት መኪና እኮ ነው ያበላኝ። የትምህርት ቤት ደብተሬን የገዛው፣ ሳይክሉን ራሱ የገዛው፣ መስኮት ዝቅ አድርጎ "እናት፣ ሽንኩርቱ ስንት ነው?" የሚለው የቤት መኪና ነው። እሱ ወደ ፍጥነት መንገዱ ሄደ። ክፍያውን የሸሸው ከባድ መኪና ግን አሁንም በእኛ በኩል ያልፋል። የሚገዙት ሄዱ፣ የሚገጩት ቀሩ። ስለዚህ እገዳው አልተነሳልኝም።

አሁን ማክሰኞና ዓርብ በዚያው በጋሪ መንገዴ ሐይቁ ዳር ካሉት ማሳዎች ሽንኩርት እጭናለሁ። ከኋላ በኩል ብረት አስበይጃለሁ፤ ግማሽ ኩንታል ይይዛል። የጋሪ ሒሳብ ስለሚቀርላት እማዬ ዋጋ ቀንሳ ትሸጣለች። ግማሽ ኩንታል ጭኖ አሸዋ ላይ መንዳት ምን እንደሚመስል ለፈረንሳዮቹ ባሳያቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ሳይክል ነጂዎች ከአዲስ አበባ መጡ። ሄልሜት፣ ጓንት፣ ወፍራም ጎማ። መኪና የሌለበት መንገድ ፍለጋ ነው የመጡት፤ ወደ ሐይቁ የሚወርደውን አሳየኋቸው፣ እሾሁንም ነገርኳቸው። ሲመለሱ አቧራ ለብሰው፣ እየሳቁ እማዬ ጋ ተቀመጡ። ሻይ ጠጡ፣ የተጠበሰ ዓሣ ከጎረቤት አስመጡ፣ ሦስት ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ገዝተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

እስኪርቁ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም። ከዚያ ብሩን ቆጥራ መቀነቷ ውስጥ እየቋጠረች ጠየቀችኝ።

"እንደነሱ ያሉ ብዙ ናቸው?"

"ገና ጥቂት ናቸው" አልኳት።

ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ የሽንኩርቱን መደብ ከአስፋልቱ ዳር አነሳችና፣ የጋሪው መንገድ በሚወጣበት በኩል አዙራ አስቀመጠችው።