በዘመሮ ብርድ ቆዳ ሲቆጣ

አንባቢ ሆይ፥ የምደባ ደብዳቤህ «ዘመሮ» የሚል ቢሆን አትደንግጥ። ዘመሮ በሰሜን ሸዋ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘውን ደብረ ብርሃንን አልፈህ ወደ መንዝ ስትዘልቅ አየሩ እየሳሳ፥ ነፋሱም እየሰላ ይሄዳል። አገሩ የገብስና የበግ አገር ነው፤ ባላገሩም ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ደርቦ ታገኘዋለህ።

ለደጋ እንግዳ የሆነ ሰው ብዙ ሳይቆይ ከንፈሩ ይሰነጠቃል፥ ገላውን ያሳክከዋል። «ውሃው አልተስማማኝም» ይላል። በእርግጥ ብርዱና ደረቁ ነፋስ የቆዳን ወዝ ይመጡታል፤ ጎጂው የፀሐይ ጨረርም ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ያህል ይበረታል። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በብርዱ ላይ መጣል ፍርድ ማጓደል ነው። የቤተ ሰብ ናፍቆት፥ የአዲስ አለቃ ፍርሃት፥ ወሩ ሳይሞላ የሚያልቅ ደመወዝና እንቅልፍ ማጣትም በቆዳ ላይ ይወጣሉ።

እንዴት ቢሉ፥ ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ጭንቀቱ ሲሰነብት ቆዳ እርጥበቱን የሚጠብቅበት አጥር ይላላል፤ ቁስል ቶሎ አይሽርም፤ ችፌ ያለበትም ይብስበታል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ፥ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 22 ተማሪዎች ተመርምረው፥ በፈተና ሰሞን ጭንቀታቸው በበረታ መጠን ብጉራቸውም እንደ ባሰ ታይቷል። ማሳከኩ ያሳክካል፥ ማከኩ ያቆስላል፥ ቁስሉን በመስተዋት ማየት ደግሞ እንደ ገና ያስጨንቃል።

ብዙ ወጣት የሚጎዳው በዚህን ጊዜ ነው። ምን እንዳለበት የማያውቀውን ቅባት ከሱቅ ገዝቶ ፊቱን ይለቀልቃል። ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊት ላይ ሲዘወተር ቆዳን ያሳሳል፥ ብጉርም ያመጣል።

ይልቅስ በፈላ ሳይሆን ለብ ባለ ውሃ ታጠብ፤ ገላህ ጨርሶ ሳይደርቅ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ተቀባ፤ ቀን ባርኔጣ አድርግ። ባናው ያሙቅህ እንጂ ገላህን አይንካ፤ ሻካራ ጠጉር የተቆጣ ቆዳን ያሳክካልና ከሥሩ የጥጥ ጋቢ ልበስ። በጊዜ ተኛ፤ ማለዳ ጥቂት በእግርህ ተንሸራሸር። ከሁሉ ይልቅ ክፍልህን ዘግተህ ብቻህን አትብሰልሰል፤ ጎረቤት ቡና ሲጠራህ ሂድ፥ ሐሳብህንም ለምታምነው ሰው አጫውት። ሽፍታው ከሰፋ ወይም መግል ከያዘ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ። ሐኪሙም ፊት ስትቀርብ የሚያሳክክህን ብቻ ሳይሆን የሚያስጨንቅህንም ንገረው።