አኩኩሉ

ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ በኮንዶሚኒየሙ ግቢ አንዱ ልጅ ፊቱን ግድግዳ ላይ ደፍቶ እንደ አውራ ዶሮ «አኩኩሉ!» ይላል። ከመኪናው ጀርባ፣ ከደረጃው ሥር፣ ከውኃ ሮቶው አጠገብ «አልነጋም!» ይሉታል። ደግሞ ይጮኻል፤ ደግሞ አልነጋም። የመጨረሻው ልጅ መደበቂያ እስኪያገኝ ሌሊት ነው። «ነጋ!» ሲባል ግቢው በሩጫ ይናወጣል።

ጨዋታው ሩጫንና ዝምታን አብሮ የገመደ ነው። እናቱ «እስቲ ለአንድ ደቂቃ ዝም በል» ብላ ለምናው እምቢ ያላት ልጅ፣ ሮቶው ሥር ጉልበቱን አቅፎ፣ ትንፋሹን ውጦ ይቀመጣል። ያዘዘው የለም። ሰኞ ማክሰኞ ላይም መስመር የረገጠች ልጅ ወጥታ ተራዋን ትጠብቃለች፤ እስከዚያ እግሯ ያርፋል። እቃቃ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። በቆርኪ የቀረበው የጭቃ ወጥ ተበልቶ ሲያልቅ እናት የሆነችው «መሸ፣ ተኙ!» ትላለች። ሁሉም ይጋደማሉ፤ አንዷ ብቻ በሽፋሽፍቷ ሥር አጮልቃ ታያለች።

እንግዲህ ልጆች ዕረፍት ይጠላሉ የሚባለው ሐሜት ነው። የሚጠሉት በቅጣት መልክ የመጣባቸውን ነው። «ካልተኛህ ወዮልህ!» እየተባለ ያደገ ልጅ አልጋን ከአለንጋ አይለይም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ5 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ያወጣው መመሪያ ጨዋታን፣ መቀመጥንና እንቅልፍን አልነጣጠለም፤ 24ቱን ሰዓት አንድ ላይ ነው ያሰላው። የ3 ወይም የ4 ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ ይንቀሳቀስ፤ ከዚህም ቢያንስ 60ው ጠንከር ያለ ይሁን ይላል። የቀኑ ሸለብታ ተጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ይተኛ፤ ስክሪን ፊት ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይ። ልጁ ቁጭ በሚልበት ጊዜ አሳዳጊው መጽሐፍ እንዲያነብለትና ተረት እንዲነግረው ያበረታታል።

ይህን አያቶች ያውቁታል። እራት ተበልቶ «ተረት ተረት» ሲሉ፣ ልጆቹ «የላም በረት» ይላሉ፤ ሲሮጡ የዋሉት እግሮች አንድ በአንድ ይታጠፋሉ። አባባ ተስፋዬም ይህንኑ ወደ ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የልጆች ዝግጅት አምጥተው ለ42 ዓመታት ሲተርኩ ኖረዋል። ያኔ ዝግጅቱ ሲያልቅ አለቀ ነው፤ ልጁ ተነሥቶ ወደ ደጅ ይወጣል። የዛሬው ስልክ ግን ማለቂያ የለውም። አንዱ ቪዲዮ ሌላውን ይጎትታል፤ ልጁ ሮጦ አልደከመ፣ ተኝቶ አላረፈ። ከሁለቱም ሳይሆን መሽቶበት ያለቅሳል፤ ወላጅም «ዛሬ ምን ነካው?» ይላል።

ለመሮጥ ደግሞ ቦታ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ በጠባብ የመኖሪያ ግቢ ውስጥ የተከፈቱ መዋእለ ሕፃናት ብዙ ናቸው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ አስፋልቱ ለጥቂት ሰዓታት ከመኪና ነፃ ሲሆን፣ ኳስና ብስክሌት ይዘው መሐል መንገዱን የሞሉት ልጆች ምን እንደናፈቃቸው ለማንም ግልጽ ነበር።

ወላጆች ሆይ፣ ዛሬ ማታ ጨዋታቸውን ድንገት አትቁረጡባቸው። «አንድ ዙር ቀርቷችኋል» በሏቸውና ጨርሰው ይግቡ። እግራቸውን አስታጥቧቸው፣ መብራቱን ቀነስ አድርጉት፣ አንድ ተረት ንገሯቸው። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር።