ስለ ትከሻና ስለ ቦርጭ

ዕድሜው ከአርባ ያለፈ የፍርድ ቤት ጸሐፊ እስክስታ እማራለሁ ብሎ መነሣቱ የሚያሥቅ ነገር እንደ ሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን በፈረስ ቤትና በደጋ ዳሞት አገር ሠርግ ያየ ሰው ይረዳኛል፤ የሙሽራዪቱ የቅርብ ወገን ተቀምጦ ቢያጨበጭብ ሠርጉን እንደ ጠላ ይቈጠርበታል። እናትና አባትዋ ስለ ሞቱ እኔ ያሳደግኋት የእኅቴ ልጅ በታጨች ጊዜ፥ «ጋሼ፥ በአባቴ ፈንታ እስክስታ የሚወርድልኝ ከእርስዎ በቀር ሰው የለኝም» ብላ ለመነችኝ። ለዚህ ቃል እንቢታ አይገኝለትም።

ያስጨነቀኝ ሰውነቴ ነው። ጸሐፊ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መዝገብ ይገለብጣል፤ ሲመሽም ተቀምጦ ይበላል፤ ከዚህ የተነሣ ቦርጬ ከቀበቶዬ በላይ ወጥቷል። የፈረስ ቤት ብርድ ጽኑ ስለ ሆነ ሰው ሁሉ ጋቢ ይደርባል፤ ጋቢም ብዙ ገመና ይሸፍናል። እኔ በጋቢዬ ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል በሰላም ኖሬአለሁ። እስክስታ ግን ጋቢን አውልቆ ወገብን ሸብ አድርጎ ነው። ይልቁንም ወጣቶቹ የጎጃምን አረንጓዴ ቁምጣ እንልበስ ብለው ስለ ቈረጡ፥ ጉልበቴና ባቴ ሁሉ ለአደባባይ ሊወጣ ሆነ። አስቀድሞም በአንድ ሠርግ ላይ ትከሻዬን ጥቂት ባነቃንቅ፥ አንድ ሰው «ከበሮው ራሱ መጣ» ብሎ ዳሱን በሙሉ አሥቆብኝ ነበር። ያ ሣቅ ስድስት ዓመት በጆሮዬ ቆይቷል።

በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት አቋቋም ተምሬአለሁ፤ ምስክሩ ጎንደር በአታ ቢሆንም እኔ እስከዚያ አልደረስሁም። መቋሚያ ይዞ በዝማሜ ወዲያና ወዲህ ማለት፥ ከበሮውም ሲፈጥን አብሮ መፍጠን፥ ሌሊቱን ሙሉ ቢሆን አያሳፍረኝም። በማሕሌት ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ በአንድነት ይንቀሳቀሳልና ወፍራሙ ከቀጭኑ አይለይም፤ ጆሮም ሁሉ ወደ ዜማው ነው። ኋላ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ስገባ ግን መምህሩ በጂምናስቲክ ጊዜ ሸሚዛችንን አስወልቆ በሰልፍ ያቆመንና «ሆድ ወደ ውስጥ፥ ደረት ወደ ውጭ» ይለን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ባየኝ ቍጥር ሆዴን ስቤ መያዝ ልማድ ሆነብኝ።

ልጂቱ ማታ ማታ በሩን ዘግታ ታስተምረኝ ጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት ትከሻዬ እንደ ደረቀ ቁርበት አልታዘዝ አለ። እርስዋም ቆማ ብዙ ከተመለከተችኝ በኋላ፥ «ጋሼ፥ ትንፋሽዎን ለምን ያፍናሉ? ሆድዎን ይልቀቁት» አለችኝ። እውነትም ሆዱን ስቦ የያዘ ሰው ትንፋሹ በደረቱ ይታሰራል፥ አንገቱና ትከሻውም ይገተራል፤ እስክስታ ደግሞ ከትንፋሽ ጋር የሚሄድ ነው። ቦርጬን በለቀቅሁበት ማታ ትከሻዬ ተፈታ። ይህን ማድረግ ባሳደግኋት ልጅ ፊት እንኳ ምን ያህል እንደ ከበደኝ ቀጭን የሆነ አንባቢ አይረዳልኝም።

በግብፅ አገር ሴቶች በሆድና በወገብ የሚጨፍሩት ጭፈራ አለ። ባዲያ ማሳብኒ የምትባል ሴት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1926 ዓ.ም. በካይሮ ከተማ የጭፈራ ቤት ከፍታ ይህን ጭፈራ በመድረክ ላይ እጅግ አስከብራዋለች። በዚያ ሆድ ዋናው የሥራ መሣሪያ ስለ ሆነ ሊሸሽጉት አይቻልም። የእኛ ጎጃም ሥራውን ለትከሻ ሰጥቶ ለሆድ ዕረፍት መፍቀዱ ለእኔ ብጤ ትልቅ ቸርነት ነው።

ሠርጉ በጥር ደረሰ። ጋቢዬን ለባለቤቴ ሰጥቼ ወረድሁ፤ አዝማሪው ሦስት ዘፈን እስኪጨርስም ቆየሁ። ያ የቀለደብኝ ሰው በዳሱ ውስጥ ነበረ፤ ምን እንዳለ ግን አልሰማሁም። በኋላ ወጣቶቹ በስልክ ያነሡትን ፎቶግራፍ አሳዩኝ። ቦርጬ እንደ ነበረ አለ፥ ከመታጠቂያውም በላይ ይታያል፤ ዛሬም ሳየው ዓይኔን ቶሎ እመልሳለሁ። ሙሽራዪቱ ግን ከጎኔ ቆማ ትሥቃለች፤ ስለዚህ ባለቤቴ አሳትመን በግድግዳ ላይ እንስቀለው ስትለኝ እንቢ አላልኋትም።