ቃል ስለ ጠፋበት ሰው

በአገራችን ሰው የሚመዘነው በአንደበቱ ነው። በቀድሞው ዘመን ባለጉዳዮች «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በዳኛ ፊት ሲሟገቱ፣ ነገር ዐዋቂው ሸማውን አደግድጎ በትሩን እየወዘወዘ ሙግቱን አሳምሮ ሲያቀርብ፣ ተመልካቹ ሁሉ ሥራውን ፈትቶ ያዳምጠው ነበር፤ ፍርዱ ቢጎድልበት እንኳ ስሙ በአገሩ ይነሣ ነበር። ዛሬም ቢሆን በጉባኤ መካከል አፉ የማይሰናከለውን ሰው ዐዋቂ እንለዋለን። ይህ ያጌጠ ባሕል ነው፤ እንዲጠፋም አንመኝም። ዳሩ ግን በስተኋላው የሚከተል አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ ይኸውም መናገር የተሳነውን ሰው ማሰብም የተሳነው አድርጎ መቁጠር ነው።

ለአንባብያን ልናቀርብ ያሰብነው ስለዚሁ ነገር ነው። እኛ ሐኪሞች አይደለንም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ፈጽመን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ በማርቀቅና ፋይል በማመላለስ የምንተዳደር ሰዎች ነን። ነገር ግን የመዝገብ ቤታችን ኃላፊ የነበሩት ጋሼ (ስማቸውን ከመጥራት እንቆጠባለን) በስትሮክ ከተመቱበት ቀን አንሥቶ እነሆ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከአጠገባቸው አልራቅንም። ስለዚህ በዐይናችን ያየነውን ከመጻሕፍት ካገኘነው ጋር እያስተያየን እንናገራለን።

ስትሮክ ወደ አንጎል ደም የሚያደርሰው ሥር በድንገት ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚመጣ ሕመም ነው። በአብዛኛው ሰው ዘንድ የቋንቋ ሥራ የሚከናወነው በግራው የአንጎል ክፍል ነው፤ ይኸው ክፍል ደግሞ ቀኝ እጅንና ቀኝ እግርን ያዛል፤ ስለዚህም ብዙ ጊዜ ቀኝ ጎንና አንደበት አብረው ይያዛሉ። ከስትሮክ በተረፉት ሰዎች ዘንድ በመጀመሪያው ሰሞን ሢሶ ያህሉ በቋንቋው ላይ ጉዳት ይደርስበታል። ሐኪሞች ይህንን አፌዥያ ይሉታል። ምላስ አልተቆረጠም፤ ጉሮሮም አልተዘጋም፤ የተበላሸው ቃሉ ወደሚገኝበት የሚወስደው መንገድ ነው።

ነገሩን አጥርቶ በማሳየት ስሙ የሚጠራው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ ነው። በ1861 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፓሪስ አጠገብ በሚገኘው በቢሴትር ሆስፒታል ሌቦርኝ የሚባል በሽተኛ ወደ እርሱ ቀረበ። ይህ ሰው ለሚጠየቀው ሁሉ «ታን፣ ታን» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ስለማይወጣው ስሙ ራሱ ታን ሆኖ ቀርቶ ነበር። ሲበሳጭ ብቻ አንዲት የእርግማን ቃል ታመልጠው ነበር፤ ይህችን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ በኋላ እንመለስባታለን። ብሮካም በዚህ ሆስፒታል ስንት ዓመት እንደ ኖረ ቢጠይቀው፣ ታን ግራ እጁን አራት ጊዜ ዘርግቶ አምስት አምስት ጣት ካሳየ በኋላ አንድ ጣት ጨመረ። 21 ዓመት! ትክክልም ነበር። ሰውየው ከጥቂት ቀን በኋላ ሲሞት ብሮካ አንጎሉን መርምሮ ጉዳቱን በግራው ፊተኛ ክፍል አገኘው። የሕክምና መጻሕፍት የሚያስታውሱት ያንን የአንጎል ክፍል ነው፤ እኛ ግን ያች አራት ጊዜ የተዘረጋች እጅ ትበልጥብናለች። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ዘመኑን ይቆጥር የነበረውን ሰው ሌላው ሁሉ «ታን» እያለ ሲያልፈው ኖሯል።

እንግዲህ ወደ ጋሼ እንምጣ። ለእርሳቸውም የተረፈቻቸው ቃል ይህችው «እንግዲህ» የምትባል ቃል ነበረች። ሲራቡ እንግዲህ፣ ሲቈጡ እንግዲህ፣ እንግዳ ሲገባ እንግዲህ። ሃያ ስድስት ዓመት የገቢና የወጪ ደብዳቤ መዝገብ ሲይዙ የኖሩ፣ ቁጥሩንና ቀኑን ሳያዩ በቃላቸው የሚጠሩ ሰው ናቸው።

ጠያቂ በሥርዓታችን ብዙ ነው፤ የታመመን መጠየቅም ግዴታ ነው። ነገር ግን ጋሼ በተቀመጡበት በፊታቸው፣ ልክ በሌላ ክፍል እንዳሉ ያህል፣ «አእምሯቸውስ ይመለስ ይሆን?» የሚል ነበረ፤ «ምች ነው» የሚል ነበረ፤ «ከእንግዲህ መጦር ብቻ ነው» የሚልም ነበረ። ባለቤታቸው እትዬ ቡናውን እየቀዱ «ኧረ እባካችሁ፣ ይሰማሉ» ቢሉ ሰሚ አልተገኘም። ሁለት ወር ሳይሞላ ጋሼ ምግብ እንቢ አሉ፤ ሰው ሲገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ማዞር ጀመሩ። ሐኪሙ ይህ ሌላ ሕመም መሆኑን ነገራቸው፤ ስትሮክ ካገኛቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል በድብርት እንደሚያዝና ድብርቱም ሕክምና እንደሚያስፈልገው አስረዳ። በእኛ ግምት ግን ጋሼን ወደ ግድግዳው ያዞራቸው ስትሮኩ ብቻ አልነበረም።

በሦስተኛው ወር አንዲት ወጣት የንግግር ሕክምና ባለሙያ ተገኘች። እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች በአገራችን እጅግ ጥቂቶች ስለሆኑ መገኘቷ ዕድል ነበር። ገብታ ከእትዬም ከእኛም ጋር ከመነጋገሯ በፊት ወንበሯን ወደ ጋሼ አስጠግታ፣ «አባባ፣ የሚያውቁትን ሁሉ እንደሚያውቁ እኔ ዐውቃለሁ፤ ያስቸገረዎ አንደበትዎ ብቻ ነው» አለቻቸው። ጋሼ አለቀሱ። በዚያው ቀን ማታ እራት በሉ።

ይህ አነጋገር ከደግነት ብቻ የመጣ እንዳልሆነ በኋላ ተረዳን። በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ኦራ ካገን የምትባል ባለሙያ በ2001 ባወጣችው ጥናት 20 በጎ ፈቃደኞችን አፌዥያ ካለበት ሰው ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ አሠልጥና፣ ካልሠለጠኑ 20 ሌሎች ጋር አስተያይታ ነበር። በሽተኞቹ ምንም ሥልጠና አልተሰጣቸውም፤ አነጋጋሪያቸው ስለ ሠለጠነ ብቻ ግን ሐሳባቸውን ማስተላለፍ ተሻላቸው። እንግዲህ ሕክምናው ለበሽተኛው ብቻ ሳይሆን ለጠያቂውም ጭምር ነው ማለት ነው።

እኛም ሠለጠንን። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መጠየቅ፤ በወረቀት ላይ «ሻይ» «ቡና» ብሎ ጽፎ እንዲያመለክቱ ማድረግ፤ የተረዱትን መልሶ ማረጋገጥ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቃሉን ከአፋቸው ነጥቆ ሳይጨርሱ በልብ አሥር እስኪቈጠር ዝም ብሎ መጠበቅ። ይህ የመጨረሻው ለቢሮ ሰው ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ቃለ ጉባኤ ስንይዝ የተናጋሪው ዐረፍተ ነገር ሳያልቅ መጻፍ የለመድን ሰዎች አሥር መቍጠር አሥር ዓመት መስሎ ታይቶናል።

አንድ ማታ እትዬ አቡነ ዘበሰማያት ሲደግሙ ጋሼ አብረዋቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደገሙት። እትዬ ተአምር ነው ብለው እልል አሉ። ባለሙያዋ ግን አልተደነቀችም፤ ይልቁንም የምትጠብቀው ነገር እንደ ደረሰ ሰው ፈገግ አለች። አንባቢ በልቡ የያዘልን የታን እርግማን የሚጠቅመን አሁን ነው። ሰው ዐስቦ፣ ቃል መርጦ የሚናገረው ንግግርና ብዙ ከመደጋገም የተነሣ በራሱ የሚፈስሰው ንግግር አንድ መንገድ አይሄዱም። እርግማን፣ ሰላምታ፣ ጸሎት፣ ቍጥርና ዘፈን የሁለተኛው ወገን ናቸው። የስዊድኑ ኦሎፍ ዳሊን ገና በ1745 ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆኖ መናገር የተሳነው ሰው መዝሙር ሲዘምር ቃላቱ እንደማይጠፉት ጽፏል። ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ እንግሊዛዊው ሐኪም ሂውሊንግስ ጃክሰን ይህንኑ ልዩነት በሰፊው አብራርቶታል።

በ1973 ደግሞ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ አልበርት፣ ስፓርክስና ሄልም የተባሉ ባለሙያዎች ይህንን ነገር ወደ ሕክምና ለወጡት። ባለሙያው የበሽተኛውን ግራ እጅ ይዞ ጠረጴዛውን መታ መታ እያስደረገ፣ አጭር የዕለት ተዕለት ንግግርን በዜማ አብሮት ይላል፤ ቀስ በቀስም ንግግሩ እየረዘመ ዜማው እየሳሳ ይሄድና ተራ አነጋገር ይሆናል። በ2011 በአሪዞና በጥይት ግራ አንጎሏን የተመታችው የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ጋብሪኤል ጊፈርድስ ንግግሯን መልሳ ስትማር ዘፈን ከረዷት ነገሮች አንዱ ነበረ። የሚያግዘው ዜማው ነው ወይስ ምቱ በሚለው ላይ ሊቃውንቱ አሁንም ይከራከራሉ፤ ለእኛ ለእልፍኝ ሠራተኞች ግን ሁለቱም አብረው መምጣታቸው ይበቃን ነበር።

እኛ ይህንን ስናነብ አንድ ሐሳብ መጣልን፤ ጋሼ በልጅነታቸው የተማሩት በቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ ፊደልን በዜማ ቈጥረዋል። «ሀ» ብለን ብንጀምርላቸው «ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» ብለው አወረዱት። ከመካከል አንዷን ፊደል ነጥለን ብናሳያቸው ግን ሊጠሯት አልቻሉም፤ ከተራዋ ራስ ተነሥተው እየዘለቁ ካልደረሱባት አትወጣቸውም። ባለሙያዋ ይህን ስትሰማ፣ «ታዲያ መሰላል አገኛችሁ ማለት ነው፤ ይውጡበት» አለችን። ቡና ለማለት በመጀመሪያ «በ፣ ቡ» ብለው ቆሙ፤ ከዚያ «ነ፣ ኑ፣ ኒ፣ ና» ብለው ቆሙ፤ ከዚያም ግራ እጃቸውን ሁለት ጊዜ መታ አድርገው «ቡ፣ ና» አሉ። እትዬ ያንን ቡና ሲቀዱ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐሙስ ለማለትም ከሰኞ ይነሣሉ። ከወራት በኋላ መሰላሉን በልባቸው ብቻ መውጣት ጀመሩ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ እናያለን እንጂ ድምፁ አይሰማም፤ ከዚያ ቃሉ ይወጣል።

ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት የተገኘ እንዳይመስል። በ2017 የታተመ በጀርመን አገር የተካሄደ ጥናት አፌዥያ ከያዛቸው ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 156 ሰዎች ተመልክቷል፤ ለሦስት ሳምንት በየሳምንቱ ቢያንስ 10 ሰዓት የሠለጠኑት በንግግራቸው ሲሻሻሉ፣ ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩት ግን እንደ ነበሩ ቈይተዋል። እንግዲህ «ስድስት ወር ካለፈ ወዲህ ተስፋ የለውም» የሚለው ወሬ እውነት አይደለም፤ ነገር ግን ዋጋው በሰዓት ይከፈላል። የባለሙያዋ ጊዜ ለዚህ አይበቃም ነበርና፣ ከቢሮ አምስት ሆነን ማታ ማታ ተራ ገባን። በትራንስፖርት ችግር ከምሽቱ ሁለት ሰዓት የደረስንበት ቀን አለ፤ ጋሼ ደክሟቸው ያባረሩንም ቀን አለ፤ በዚያች በአንዲቷ ቃላቸው።

በስምንተኛው ወር የሕመም ፈቃዳቸው ሊያልቅ ሆነ። ኮሚቴ ተሰብስቦ፣ በጤና ጉድለት ምክንያት ሥራቸውን ለማከናወን ስላልቻሉ ይሰናበቱ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ደብዳቤውን እንድናረቅ የታዘዝነው እኛው ነበርን። ከማርቀቃችን በፊት ግን ሰውየው በአካል ቀርበው እንዲታዩ በጽሑፍ ጠየቅን፤ ተፈቀደልን።

በዚያ ሰሞን የአንድ መጋዘን የኪራይ ውል ጠፍቶ ሦስት ሳምንት ሲፈለግ ነበር። ጋሼ ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ። የበላይ ኃላፊው ስለ ውሉ ቢጠይቋቸው «እንግዲህ…» ብለው ጀመሩና ቃሉ ጠፋባቸው። አንድ የኮሚቴ አባል ሊቀጥልላቸው አፉን ሲከፍት ከጎኑ የተቀመጠው ባልደረባችን ጉልበቱን ያዘው። ዝምታው ረዘመ። ጋሼ ተነሥተው ወደ መዝገብ ቤቱ ሄዱ፤ እኛም ተከተልናቸው። የኪራይ ውሎች ወዳሉበት መደርደሪያ አልሄዱም። ከበር ኋላ ወዳለው አሮጌ ሣጥን ጠቍመው አስከፈቱንና ውሉን አወጡ። እዚያ ለምን እንደ ተቀመጠ ሲጠየቁ ወረቀት አስመጥተው በግራ እጃቸው ሁለት ፊደል ጻፉ፤ ውሉ በተፈረመበት ጊዜ የነበረውና በኋላ ከሌላ ጋር የተዋሐደው መምሪያ የስሙ አሕጽሮት ነበር። ከእኛ መካከል ያንን መምሪያ የሚያስታውስ አልነበረም።

የስንብቱ ደብዳቤ አልተጻፈም። ኃላፊነቱ ግን ለሌላ ተሰጠ፤ ይህን አግባብ አይደለም ለማለት አንደፍርም፤ ስልክ መቀበልና ስብሰባ መምራት የማይችል ሰው መዝገብ ቤት ሊመራ አይችልምና። ጋሼ በግማሽ ቀን ሥራ የአሮጌ ፋይሎች ተጠያቂ ሆነው ተመለሱ። አዲስ የተቀጠሩት ልጆች ከእርሳቸው ጋር ሲሠሩ አሥር መቍጠር ተምረዋል፤ ከአዲሱ ኃላፊ ይልቅ ወደ እርሳቸው የሚመላለሱም አሉ።

ዛሬ ሦስት አራት ቃል ያለው ዐረፍተ ነገር ይናገራሉ። ሲደክማቸው ወይም ሰው ሲበዛ ወደ «እንግዲህ» ይመለሳሉ። ጋዜጣ ርእሱን ያነባሉ፤ ውስጡን እትዬ ያነቡላቸዋል። የሰው ስም ከሁሉ የበለጠ ያስቸግራቸዋል። ታናሺቱን ልጃቸውን ሲጠሩ የሚወጣቸው የታላቂቱ ስም ነው፤ ማን ማለታቸው እንደ ሆነ በዐይናቸው ስለሚታወቅ ታናሺቱ «አቤት» ብላ ትመጣለች።