ክራሩ ለምን ይሰምጣል?

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ካለች አንዲት ክፍል ስቱዲዮ ሰሞኑን አንድ ሥራ መጣልኝ። ችክችካ ነው፤ ከሥር የኤሌክትሮኒክ ኪክ፣ ከላይ ከበሮና ክራር። (ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ»ን ካወጣ ወዲህ እንዲህ ያለ ቅንብር የማይሞክር ወጣት ብርቅ ሆኗል፤ እኔ ደስ ይለኛል።) አቀናባሪው ያለኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ክራሩ ኪክ በሌለበትም ይሰምጥብኛል።»

ኪኩ ሲመታ ክራሩና ቤዙ ለቅጽበት ዝቅ እንዲሉ ሳይድቼይን ኮምፕረሰር አድርጎባቸዋል። ሬሾውንም ትሬሾልዱንም ሲነካካ ከርሟል። እኔ ግን ምንም ከመንካቴ በፊት ኮምፕረሰሩ ራሱ የሚሰማውን መስማት እፈልጋለሁ፤ ብዙዎቹ ላይ ለዚህ የሚሆን ቁልፍ አለ። ስንጫነው ኪኩ፣ ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ ሁሉም አለ። መቀስቀሻው የሚመጣው ከምቶቹ የጋራ ትራክ ነበራ!

ማጣራት ጀመርን። ከ120 ሄርዝ በላይ ያለውን ስንቆርጥ ጭብጨባው ጠፋ፣ ከበሮው ግን ቀረ። የከበሮ ትንሹ ፊት በቀላሉ ይጣራል፤ የትልቁ ፊት ድምፅ ግን ከኪኩ ብዙም አይርቅም። ግንቦት 1 ቀን ልደታ ማርያም አጠገብ የቆመ ሰው ይህን ለማወቅ አናላይዘር አያሻውም፤ ደረቱ ይነግረዋል።

ችክችካ ደግሞ 6/8 ነው። በደቂቃ 120 ምት ቢሄድ ከምት እስከ ምት 500 ሚሊሰከንድ ነው፤ ሲሶው 167 ገደማ። ሪሊዙ (ኮምፕረሰሩ የያዘውን ለመልቀቅ የሚፈጀው ጊዜ) 250 ሚሊሰከንድ ላይ የተቀመጠ ፕሪሴት ለሃውስ ሙዚቃ ይስማማ ይሆናል። እዚህ ግን ኮምፕረሰሩ ሳይለቅ ቀጣዩ የከበሮ ምት ደርሶ እንደገና ይጫነዋል፤ ክራሩ ቀና የሚልበት ጊዜ አያገኝም።

የዚህ ኪክ ክብደት 55 ሄርዝ ላይ ነበር። ዙሪያውን አጥብበን ያንን ብቻ ስናስቀር ከበሮው ዝም አለ፣ ክራሩም ያለ ኪክ መስመጡን ተወ። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። ሰፈሩ የፍርድ ቤት ሰፈር ነውና፣ ማጣሪያው ተከሳሹን ለየልን እንበል፤ ፍርዱ ግን ገና ነው። በ55 ሄርዝ አንድ ሞገድ ዙሩን ለመጨረስ 18 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ጠባብ ማጣሪያ ደግሞ ጭራሽ ያዘገየዋል። ኮምፕረሰሩ የሚነቃው የኪኩ ጫፍ ካለፈ በኋላ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ማጣሪያውን አነሳነውና የኪኩን አጭር ቅጂ በሌላ ትራክ አስቀመጥን። ቅጂው ወደ ማስተር አይሄድም፤ ሥራው ኮምፕረሰሩን መቀስቀስ ብቻ ነው። ከዋናው ኪክ 5 ሚሊሰከንድ አስቀደምነው፣ ሪሊዙንም ወደ 120 አወረድነው። ክራሩ ተነሳ።

ይህ የሚሆነው ኪኩ የራሱ ትራክ ሲኖረው ነው። ምቶቹ ሁሉ በአንድ ማይክ ተቀድተው ከመጡ፣ ወይ ጠባቡን ማጣሪያ ከነመዘግየቱ መቀበል ነው፣ ወይ ሳይድቼይኑን ትቶ የክራሩን ቮልዩም ምት በምት በእጅ ማስተካከል። አሰልቺ ቢሆንም እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።