አንድ ዓመት ለመማር፣ አንድ ዓመት ለማመልከት



የጀመዓው የኅትመት ክፍል ስለ ውጭ አገር ማመልከቻ እንድንጽፍ ሲጠይቀን መጀመሪያ ያልነው «ውጤቱ ይምጣና» ነበር። ነገር ግን ተቀባይነት ያገኘ ሰው ሲያወራ መንገዱ ሁሉ ቀና ይመስላል፤ ያላገኘ ደግሞ ማውራት አይፈልግም። ስለዚህ መሐል ላይ ሳለን መጻፉ ይሻላል ብለን ተቀመጥን።

እኛ ሦስት ነን፤ ሁለት ወንድሞችና አንዲት እህት። በዚሁ ግቢ ተምረን፣ በዚሁ ጀመዓ አድገን የወጣን ነን። ዛሬ አንዳችን ደሴ ሒሳብ፣ አንዳችን ከሚሴ እንግሊዝኛ፣ እህታችን ደግሞ ወራቤ ኬሚስትሪ እናስተምራለን። ዘንድሮ ሦስታችንም በትምህርት መስክ እንግሊዝ አገር ለሚሰጥ የአንድ ዓመት ማስተርስ አመለከትን።

በማመልከቻው ውስጥ ብዙ ሣጥን ይሞላል፤ ስም፣ ውጤት፣ የልደት ቀን። ያስቸገረን ግን አንዱ ብቻ ነው፦ ለምን ትምህርት?

እውነቱን እንናገር። ከሦስታችን ሁለታችን ፒጂዲቲ የገባነው ሌላ ሥራ ስላጣን ነው። ሲቪ ይዘን አንድ ዓመት ዞረን፣ ቤተሰብ ላይ መቀመጡ ሲያሳፍረን የገባንበት ነው። በየዶርሙ «እገሌ እኮ መምህር ሆነ» ሲባል በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚነገር ታውቁታላችሁ፤ ለቅሶ የሚረዱ ነው የሚመስለው። ፒጂዲቲ አንድ ሙሉ ዓመት ስንማርም ማስተማር ለምን እንደፈለግን የጠየቀን ሰው አልነበረም። ቅጹ ግን ይጠይቃል፤ ያውም በገጽ ሙሉ ጽሑፍ መልሱ ይላል።

ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩትን የናሙና ጽሑፎች አይተናቸዋል። አብዛኞቹ «መምህር መሆን ከልጅነቴ ጀምሮ ሕልሜ ነበር» ብለው ይጀምራሉ። እኛ እንዲያ ብለን መጻፍ አንችልም፤ ውሸት ነው። ደግሞም አይጠቅምም። ማመልከቻ የሚያነቡት መምህራን ያንን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበቡት አላህ ይወቀው። ስለዚህ ለምን እንደገባን መጻፉን ትተን፣ ከገባን በኋላ እንቅልፍ የነሳንን ነገር እንጻፍ ተባባልን። ጽሑፉ መንገድ የያዘው ከዚያ በኋላ ነው።

የከሚሴው ወንድማችን የሚያስተምራቸው ልጆች ብዙዎቹ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ የተማሩ ናቸው። 9ኛ ሲገቡ ሒሳቡም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይሆናል። አንዲት ልጅ ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ ፎቶሲንተሲስን ለጓደኞቿ በቋንቋዋ ስታስረዳ ሰምቷታል፤ በሳምንቱ ፈተና ላይ ግን ያንኑ ጥያቄ ባዶ ትታ ወጣች። የእንግሊዝኛ መምህሯ እሱ ነው። «ይህች ልጅ ባዮሎጂ አታውቅም የሚባለው በኔ ትምህርት ምክንያት ነው ወይስ በምን?» የሚለው ጥያቄ የማመልከቻው የመጀመሪያ አንቀጽ ሆነ።

የደሴው ደግሞ ልጅነቱን ያሳለፈው ወሎ ገጠር፣ ሸኽ ዘንድ ሲቀራ ነው። እዚያ ቂርኣት ሲካሄድ ሸኹ ለትልቁ ደረሳ ያስቀሩታል፣ ትልቁ ደረሳ ለታናሹ ይደግማል፣ ታናሹ ለሱ ታናሽ። ማንም በወረቀት አላደራጀውም፤ ግን ይሠራል። አሁን በሚያስተምርበት ክፍል «አንድ ለአምስት» የሚባል አደረጃጀት አለ፤ የስም ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ቃለ ጉባኤው ይሞላል፣ ልጆቹ ግን አይረዳዱም። ሁለቱ በምን ይለያያሉ? ይህንን ሲነግረን «ይኼማ የዲን ትምህርት ነው፣ እዚያ ምን ሊል ይገባል?» ብሎ ሊተወው ነበር። እንዳይተወው የተሟገትነው ሁለታችን ነን። የትምህርት ማስተርስ የሚያጠናው ሰው እንዴት እንደሚማር ነው፤ ቂርኣት ቤቱም የሚማሩበት ቦታ ነው። በመስጂድ ሕፃናትን ያስቀራችሁ፣ በጀመዓው ቱቶሪያል ለሪሚዲያል ተማሪዎች ያስረዳችሁ ሁሉ ይህንን ልብ በሉ። ስንት ሰዓት፣ ለስንት ልጅ፣ ምን እንዳስተማራችሁ ደብተር ላይ ጻፉ፤ ከሚመለከተው ክፍል በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤም ውሰዱ። ከሦስት ዓመት በኋላ ማንም አያስታውስላችሁም።

እህታችን የምታስተምርበት ላቦራቶሪ ቁልፉ አለ፣ ኬሚካሉ የለም። ስለዚህ አሲድና ቤዝ ያስተማረችው በእርድ ነው። የእርድ ውሃ ላይ ሳሙና ወይም የአመድ ውሃ ሲጨመር ይቀላል፤ ሎሚ ሲጨመቅበት ወደ ቢጫው ይመለሳል። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ከወር በኋላ ስትጠይቃቸው ቀለሙን ሁሉም ያስታውሳል፣ ምክንያቱን ግን ጥቂቶች ናቸው። «ታዲያ አስተማርኩ ወይስ አዝናናሁ?» ብላ ጻፈች። ከሦስቱ ጽሑፎች እኛ የምንወደው የሷን ነው፤ ወንድሞች ይህንን ማመናቸው ይመዝገብልን።

በአገር አቀፍ ቁጥር ስለመጀመርም ተከራክረናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ ነበሩ። አስደንጋጭ ቁጥር ስለሆነ አንዳችን መግቢያ ላይ ሊያደርገው ፈለገ። ሌላው «ቁጥሩን የትምህርት ሚኒስቴርም ያውቀዋል፤ አንተ ብቻ የምታውቀው ምንድን ነው?» አለው። በመጨረሻ ቁጥሩ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከልጆቹ ታሪክ በኋላ ገባ።

ስለ አንዱ ዓመት አጎቶቻችን ሁሉ የጠየቁን «ማስተርስ በአንድ ዓመት? ግማሽ ነው እንዴ?» ብለው ነው። ግማሽ አይደለም፤ የታጨቀ ነው። በእንግሊዝ የተለመደው ማስተርስ 180 ክሬዲት አለው። 120ው ከመስከረም ጀምሮ በክፍል የሚሰጥ ሲሆን፣ 60ው የመመረቂያ ጥናት ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ በበጋቸው፣ ማለትም በኛ ክረምት ይጻፋል። የኛ አገር ተማሪ ክረምቱን ቤተሰብ ጋ ሲያርፍ እነሱ ይጽፋሉ። ለዚህ ነው ጥያቄ ይዞ መሄድ የሚያስፈልገው፤ ደርሶ ጥያቄ ለመፈለግ ጊዜው አይበቃም። ስትመለሱ ደግሞ ዲግሪው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ይሠራለታል፤ ስለዚህ የምትመርጡት ዩኒቨርሲቲ በአገሩ ዕውቅና ያለው መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ወደ ወረቀቱ ስንመጣ ብዙ አናደክማችሁም፤ ግን ስለ ስም ሳንናገር አናልፍም። «ሙሐመድ» በላቲን ፊደል በስንት ዓይነት ይጻፋል? ከሦስታችን የሁለታችን አባት ሙሐመድ ነው። በዲግሪው ላይ አንድ «ኤም»፣ በፓስፖርቱ ላይ ሁለት፣ በ12ኛ ክፍል ካርዱ ላይ ደግሞ «ዩ» የነበረው «ኦ» ሆኗል። አላህ ያውቀናል፤ ኮምፒውተሩ ግን አያውቀንም። ገና ተማሪ ሳላችሁ፣ ሬጅስትራር ቅርባችሁ ሳለ፣ ስማችሁን ከፓስፖርቱ ወይም ከፋይዳችሁ ጋር አስተያዩት። ከተመረቁ በኋላ ማስተካከል ሌላ ማስተርስ ነው። ትራንስክሪፕትም እንዲሁ ነው። ኮስት ሼሪንግ ሳይጠናቀቅ ኦሪጂናሉ አይወጣም፤ መምህር የሆነ ሰው ዕዳውን በአገልግሎት ስለሚከፍል ከትምህርት ቤቱ የአገልግሎት ደብዳቤ ማምጣት አለበት። ለዚህ ብቻ የደሴው ወንድማችን ሦስት ጊዜ ተመላልሷል።

ድጋፍ የሚጽፉላችሁን መምህራን በተመለከተ ደግሞ፣ የኛ አገር የድጋፍ ደብዳቤ «ጠባየ መልካምና ታታሪ ነው» ብሎ ያልቃል። ይህ ክፋት አይደለም፣ ልማድ ነው። እኛ ለርዕሰ መምህራኖቻችን በክፍል የሠራነውን በአንድ ገጽ ጽፈን ሰጠናቸው፤ እነሱም ያዩትን መርጠው በራሳቸው ቃል ጻፉ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ሊንኩን የሚልኩት ወደ ተቋም ኢሜይል ነው፤ መምህራችሁ የሚጠቀመው በጂሜይል ብቻ ከሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

ገንዘቡ ነው ዋናው ፈተና። ለውጭ አገር ተማሪ ክፍያው በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከ20 ሺህ ፓውንድ በላይ ነው። የኬንያና የኡጋንዳ ተማሪዎች የሚያመለክቱበት የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ለኛ ክፍት አይደለም፤ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችምና። የቀረልን ትልቁ በር ቺቭኒንግ ነው። ይህ የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው፤ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። የትምህርት ክፍያውን፣ የወር ወጪንና የአውሮፕላን ትኬትን ይሸፍናል፤ ለማመልከትም ክፍያ የለውም። የሁለት ዓመት ወይም የ2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የበጎ ፈቃድ ሥራም ይቆጠራል። ሦስት የትምህርት ክፍሎች ትመርጣላችሁ፤ ለዩኒቨርሲቲዎቹ ግን ራሳችሁ ለየብቻ ታመለክታላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው በኛ ሐምሌ መጨረሻ ነው። ስትጨርሱ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ወደ አገራችሁ መመለስ ግዴታ ነው። ይህንን ግዴታ እንደ ቅጣት የሚያዩት አሉ፤ እኛ ግን ጥያቄያችን ከሚሴና ወራቤ ስለሆነ አልከበደንም።

የደሴው ወንድማችን ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ቅድመ ሁኔታ ያለበት ተቀባይነት ደርሶታል፤ ለስኮላርሺፑ ቃለ መጠይቅ ግን አልተጠራም። በወለድ የሚያበድር ድርጅት እንዳለ የነገሩት ወዳጆች ነበሩ። ወለድ ስለሆነ አልፈለገውም፤ ሒሳብ መምህር ስለሆነም ደመወዙን አካፍሎ አየውና ሳቀ። ቦታውን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩለት ጽፎላቸዋል። ጎን ለጎን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ለመውሰድ እየተዘጋጀ ነው፤ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲም ማመልከት ይፈልጋል። የከሚሴው እስካሁን ከማንም መልስ አላገኘም። በቀን አሥር ጊዜ ኢሜይሉን ይከፍታል፤ መጥፎ ልማድ ነው፣ እኛም እንዲሁ ነን።

እህታችን ለቃለ መጠይቅ ተጠርታለች፤ አልሐምዱሊላህ። ግን ባለ ትዳርና የሁለት ዓመት ልጅ እናት ናት። ከጃንዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንግሊዝ በክፍል ለሚሰጥ ማስተርስ የሚሄድ ተማሪ፣ ወጪው ሙሉ በሙሉ በመንግሥት ስኮላርሺፕ ካልተሸፈነ በቀር፣ የትዳር ጓደኛና ልጅ በጥገኝነት እንዲያመጣ አትፈቅድም። ልጇን ትታ ከሄደች ለሷ «አንድ ዓመት» ማለት ልጇ ሁለት ብሎ ሦስት ሲሞላ አለማየት ማለት ነው። ያለ መሕረም ስለመጓዝም ጥያቄው አለ፤ ዑለማዎች የተለያየ ነገር የሚሉበት ጉዳይ ስለሆነ የምታምናቸውን ኡስታዝ ጠይቃለች፣ ከባለቤቷና ከአባቷ ጋርም ተቀምጣለች፤ የነገሯትን እዚህ አንጽፍም፣ የሷ ነው። «ሂጂ» ማለትም «ቅሪ» ማለትም የኛ ሥራ አይደለም። የሷን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ግን ወራቤ ያሉት ልጆች ምን እንደሚቀርባቸው ወይም ምን እንደሚያገኙ ሳያስብ አይቀርም።

እስከዚያው ግን የሰላት ሰዓት አይታለች። ታኅሣሥ ላይ ለንደን ፀሐይ የምትጠልቀው ከሰዓት 10 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ዙህር፣ ዐስርና መግሪብ በአራት ሰዓት ውስጥ ይደራረባሉ፤ ክፍል ያለው ሰው በየመሐሉ መውጣት አለበት። በየዩኒቨርሲቲው እንደኛው ዓይነት የሙስሊም ተማሪዎች ማኅበራት አሉ፤ የነሱ ፌዴሬሽን ፎሲስ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ነው። የመስገጃ ክፍል የት እንዳለ ለአንዱ ማኅበር ጽፋ ጠይቃለች። ቃለ መጠይቁ ገና ነው፣ ኢስቲኻራዋም አላለቀ፤ የመስገጃ ክፍሉን ግን ታውቃለች። ባለቤቷ ይህን ሲሰማ ስቆ «ልብሽ ሄዷል» አላት።

ዘንድሮ ለመመረቅ የደረሳችሁ፣ በተለይ ወደ ማስተማር የምትገቡ ወንድሞችና እህቶች፣ «ለምን ትምህርት?» ለሚለው የጻፋችሁት ረቂቅ ካለ ለጀመዓው የትምህርት ዘርፍ ስጡልን። በአማርኛም ቢሆን ችግር የለውም። ሦስታችንም እናነባለን፣ አስተያየትም እንጽፍበታለን። በሕልም የሚጀምር ከሆነ ግን መልሰን እንልክላችኋለን።

በዱዓችሁ አትርሱን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።